የቡና አገር ሞተር አውራጆች

በኢትዮጵያ የብረትና የእጅ ሥራ ታሪክ 1900 ዓ.ም. ልዩ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አስገባ፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ተሳፈሩባት። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አውቶሞቢሏ ብዙ ተወርቶላታል። አዋጁ ግን ስለ ሞተር ጥገና ታሪክ ሲነሣ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው፤ መታወስ ነበረበት። ሞተር ያለ ባለ እጅ አንድ ክረምት አይዘልቅምና።

መኪናዋም አዋጁም ጅማ ለመድረስ ጊዜ ወስዶባቸዋል።

ያኔ ጅማን የሚያስተዳድሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የዘለቀው አገዛዛቸው የጅማውን የሂርማታ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስሙ የገነነ የሐሙስ ገበያ አድርጎታል። ከጅማ ወደ 45 ኪሎ ሜትር የሚርቀው አጋሮ ደግሞ የጎማ መንግሥት ገበያ ነበር። ጎማ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1886 በምኒልክ ጦር እጅ ወደቀ። በዚህ ሁሉ ዘመን ቡናው ከአጋሮና ከጌራ፣ ከሊሙና ከሰቃ የሚወጣው በበቅሎ ጀርባ ነው። አዲስ አበባ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል። የጊቤ ወንዝ ከሞላ ደግሞ ነጋዴው ድንኳኑን ተክሎ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም።

ብረት የሚያውቀው ሰው ቱምቱው ነበር። ማረሻውን፣ ገጀራውን፣ ጦሩን፣ የበቅሎውን ልጓም የሚሠራው እሱ ነው። ያለ እሱ እጅ የሚኖር ቤት አልነበረም፤ ልጁን ለእሱ የሚድር ግን አይገኝም። የአገሩ ሰው ብረትን በእሳት የሚያለዝብን እጅ ይፈልገዋል፣ ይፈራዋል፣ ያገለዋል። ከሁለት ትውልድ በኋላ በዚያው አገር እጁ በግሪስ የጠቆረ ወጣት በከተማው መሐል ሲያልፍ «መካኒክ ነው» ተብሎ ሲከበር ማየት፣ አዋጅ ያልቻለውን ሞተር እንደ ቻለው ይመሰክራል።

ሞተሩን በብዛት ያመጣው ወራሪው ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት የጣሊያን ወረራ ዓመታት ጅማ የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ ሆና በአዲስ ፕላን ተሠራች፤ ከአዲስ አበባ በጊቤ በኩል የሚወርደው የመኪና መንገድም ተዘረጋ። በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ፊያት 634 የተባለው ትልቅ የጭነት መኪና ነበር፤ ሾፌሮቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» ይሉታል። ስድስት ሲሊንደር፣ ከ8 ሊትር በላይ የሚይዝ የናፍጣ ሞተር ነው። ሞተር ብስክሌትም ከወራሪው ጦር ጋር መጥቷል። ሞቶ ጉዚ ጂቲ 17 የሚባለው የወታደር ሞተር 500 ሲሲ ገደማ የሆነ አንድ ሲሊንደር ብቻ አለው፤ ሲሊንደሩም ወደ ፊት ተጋድሞ የተቀመጠ ሲሆን ከባዱ መዘውር ከሞተሩ ውጭ በግልጽ ይሽከረከራል። መካኒክነትን ለማያውቅ ሰው እንኳ የውስጡን ሥራ የሚያሳይ ሞተር ነው።

ጅማ ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ከጣሊያን እጅ ወጣች። ከዚያ በኋላ የሆነው ለጥገና ታሪክ ከወረራው ይልቅ ይጠቅማል። እንግሊዞች በአገሪቱ ከተማረከው መኪናና ማሽን ብዙውን ጭነው ወሰዱት፤ የቀረው በአብዛኛው የተሰበረው፣ የተፈታታው፣ ለመንገድ የማይበቃው ነበር። አገሩ የወረሰው እንግዲህ መኪና ሳይሆን ቁርጥራጭ ነው። አንዱን ለመንዳት ሦስቱን ማረድ የግድ ሆነ። አፄ ኃይለ ሥላሴ እንዲቆዩ የፈቀዱላቸው ባለሙያ ጣሊያኖች ጋራዥ ከፍተው ሲሠሩ፣ በአጠገባቸው ረዳት ሆነው የገቡ ልጆች ፒስተን በናፍጣ ማጠብ፣ ቁልፍ 10ንና ቁልፍ 12ን በዓይን መለየት፣ ካንዴላ አውልቆ ቀለሙን አይቶ የሞተሩን ሕመም ማወቅ ተማሩ። ጥቁርት ካለ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ነጣ ካለ ሞተሩ ግሏል፤ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ይህ ትምህርት ደብተር የለውም። ጋሼ ያዩትን ልጁ ያያል፣ ልጁ ያየውን የሰፈሩ ልጅ ያያል፤ በዚሁ መንገድ እስከ ዛሬ ደርሷል።

መንገዱም ያለ ጥገና አልቆየም። የዓለም ባንክ በአፍሪካ የመጀመሪያውን ብድር የሰጠው ለኢትዮጵያ ነው፤ መስከረም 1943 ዓ.ም. ከተፈቀደው ገንዘብ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለአውራ ጎዳና የዋለ ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጅማን ከመጀመሪያዎቹ የአገር ውስጥ መዳረሻዎቹ አንዷ አድርጓት ነበር። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ረዳትነት የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ሥሩ ይኸው ትምህርት ቤት ነው። እነዚህ ሁሉ በታሪክ መጻሕፍት ቦታ አግኝተዋል።

ቦታ ያላገኘው የቡና ማሽኑ ነው። የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ በተወደደባቸው በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋሮ ከገበያነት ወደ ከተማነት ስታድግ፣ ጀንፈሉን በሙቀጫ መውቀጥ አልበቃ አለ። መቀሸሪያ ማሽን ገባ። ማሽኑን የሚያሽከረክረው፣ በቺንጊያ የተያያዘ የናፍጣ ሞተር ነው፤ የእንግሊዙ ሊስተርና መሰሎቹ፣ በደቂቃ ጥቂት መቶ ጊዜ ብቻ እየዞሩ ሰፈሩን በዝግታ የሚያንኳኩ ሞተሮች። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የለቀማ ወቅት አንዱ ሞተር ቢቆም ጀንፈሉ ይከመራል፣ ነጋዴው ዋጋ ያልፈዋል፣ ለቃሚው ደመወዝ ይዘገይበታል። መለዋወጫው ያለው 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ነው፤ ካለ። እንግዲህ ሞተሩ ዛሬ ማታ መነሣት አለበት።

የአጋሮን የጥገና ባህል የወለደው ይህ ግዴታ ይመስላል፤ ብዙዎች የሚገምቱት የማሽን ፍቅር ሳይሆን። ወፍራም ወረቀት ወይም ካርቶን ጠርዙ ላይ አስቀምጦ፣ በክብ ራስ መዶሻ ቀስ እያሉ ዙሪያውን በመምታት ወረቀቱ በብረቱ ጠርዝ ላይ ራሱን እንዲቆርጥ በማድረግ ጉዋርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መሐል የሚገባ ማሸጊያ) መሥራት፣ የተበላ ብሎን ቀዳዳ አስፍቶ ሌላ መክተት፣ የተሰነጠቀ ላሜራ በጋዝ መበየድ፤ ሁሉም ቡናው ስለማይጠብቅ የተለመዱ ናቸው። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋና መለዋወጫ እንደ ልብ አልገኝ ሲል ይህ እጅ ይበልጥ ተፈለገ። የከተማው ነዋሪ የዚያን ዘመን የነዳጅ ኩፖን ያስታውሳል፤ ያኔ መኪናውን ያኖረው መካኒክ ስሙ በየትኛውም መዝገብ የለም።

ሞተር ብስክሌት ወደ ገጠሩ የዘለቀው በመንግሥት መሥሪያ ቤት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ፤ ጅማ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ፍለጋ ወደ ጫካው ወጣ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110፣ 74112፣ 74158 የዚያ ፍለጋ ልጆች ናቸው። ለቡናውም፣ ለወባ መከላከሉም፣ ለክትባቱም የተሰማራው ሠራተኛ መኪና የማይገባበት ቀበሌ መድረስ ነበረበት፤ ለዚህ የተሰጠው በአብዛኛው ያማሃ ነበር። ዲቲ 125 እና ዲቲ 175 ይታወቃሉ። ከሁሉ ለዚህ አገር የተሠራ የሚመስለው ግን ኤጂ 100 ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1973 ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬዎች ያወጣው ሲሆን፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ፣ በግራም በቀኝም ማቆሚያ፣ ጭቃ እንዳይገባ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ሰንሰለት አለው። ሞተሩ 97 ሲሲ ብቻ ነው።

እነዚህ ሞተሮች አርጅተው በጨረታ ሲሸጡ መምህሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ የቡና ነጋዴው ልጅ ገዟቸው። የቤት ውስጥ መካኒክ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የገዛውን ሞተር ጋራዥ አስገብቶ ማሠራት አቅም የማይፈቅድለት፣ ወይም ሞተሩን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት የማይወድ ሰው፣ በረንዳው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ዘርግቶ ራሱ ሞተር አወረደ።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ምልክቱ ይታያል፤ ሞተሩ አቀበት ላይ ይደክማል፣ የማስነሻው እርግጫ ለእግር ይላላል፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ድምፅ ይቀየራል። ቤንዚኑ ይዘጋል፣ ካርቡሬተሩና ጭስ ማውጫው ይነሣሉ፣ የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) አራት ዳዶዎች በሰያፍ ይላላሉ። ሲሊንደሩ ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ሲሳብ ፒስተኑ ብቅ ይላል። ብልህ ሰው በዚህ ጊዜ ንጹሕ ጨርቅ ከፒስተኑ ሥር ይጠቀጥቃል፤ የፒስተኑን ፒን የሚይዘው ትንሽ የሽቦ ቀለበት ካመለጠና የሞተሩ ሆድ ውስጥ ከገባ ሥራው በሦስት እጥፍ ይረዝማል። ከዚያ ሲሊንደሩ ወደ ብርሃን ዞሮ ይታያል። ጭረት ካለ ጥፍር በላዩ ይሳባል፤ ጥፍሩ ከተያዘ ሲሊንደሩ መፋቅ አለበት።

ለመፋቅ ጅማ መሄድ ያስፈልጋል፤ ቶርኖ ቤት። የኤጂ 100 ሲሊንደር ስፋቱ 52 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒስተኑ በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1 ሚሊ ሜትር የሰፋ ይሸጣል። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር ተፍቆ ተፍቆ እስኪያልቅ ብዙ ዕድሜ አለው። ባለቤቱ መጀመሪያ ፒስተኑን ያገኛል፣ ቀጥሎ ሲሊንደሩን በፒስተኑ ልክ ያስፍቃል፤ ቅደም ተከተሉን ያዛባ ገንዘቡን ያጣል። ሲሊንደሩ ሲመለስ አዲሱ ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ ብቻውን ውስጡ ይገባል፣ ቀጥ እንዲል በፒስተኑ አናት ወደ ታች ይገፋል፣ በሁለቱ ጫፎቹ መሐል ያለው ክፍተትም ይለካል። ከሚሊ ሜትር አንድ ሦስተኛ ብዙ መዝለል የለበትም። ጫፎቹ የሚነካኩ ከሆነም ችግር ነው፤ ሞተሩ ሲግል ፋሻው ይለጠጣል፣ ጫፎቹ ይጋጫሉ፣ ሲሊንደሩን ይቧጥጣል።

በባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። በፒስተኑ የፋሻ ቦይ ውስጥ ከመርፌ ራስ ያልበለጠች ችንካር አለች፤ የፋሻው ሁለት ጫፎች እሷን አቅፈው መቀመጥ አለባቸው። ያንን ሳያይ ሲሊንደሩን የጫነ ሰው ፋሻውን እዚያው ይሰብራል፤ ባይሰብረው እንኳ ጫፉ በሲሊንደሩ መስኮቶች ተጠልፎ የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ሞተሩን ይበላዋል። ፒስተኑ አናት ላይ ያለችው ቀስት ወደ ጭስ ማውጫው ትዞራለች። ዳዶዎቹ በሰያፍ፣ ደረጃ በደረጃ ይጠብቃሉ። ያማሃ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ራሱ የሚቀላቅል ፓምፕ አለው፤ ፓምፑ አየር ከያዘ አዲሱ ፒስተን በደረቁ ይሄድና ይነክሳል። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ፓምፑን ዘግቶ ለ20 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት በእጁ ይቀላቅላል። አምራቹ የሚመክረው አይደለም፤ ጥንቃቄው ግን ከልምድ የመጣ ነው።

ይህን ሁሉ መምህር ሳይኖረው በረንዳ ላይ የሠራን ሰው አማተር ማለት ይከብዳል።

ባለፉት ሃያ ዓመታት የህንድ ሞተሮች ያማሃን ተኩ። ባጃጅ ቦክሰር 100 ባለ አራት ምት ነው፤ ሲሊንደሩ 53 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 45 ሚሊ ሜትር። ቤንዚን ይቆጥባል፣ ዘይት መቀላቀል አይፈልግም። ለቤት መካኒኩ ግን አዲስ ትምህርት ይዞ መጣ፤ ቫልቭና የቫልቭ ሰንሰለት። ሰንሰለቱ ሲገጠም የጥርሱ ምልክት ከቴስታታው ምልክት ጋር ካልገጠመ ሞተሩ ወይ አይነሣም ወይ ቫልቩ ከፒስተኑ ይጋጫል። ቫልቩ መቀመጫው ላይ በደንብ እንዲያርፍ መፍጫ ቅባት ተቀብቶ፣ ቫልቩን የያዘው እንጨት በሁለት መዳፍ መሐል እንደ እንዝርት እየሾረ ይፈጫል። ከዚያ ቴስታታው ይገለበጥና በመግቢያው ቤንዚን ይፈስበታል፤ ከቫልቩ ሥር እርጥበት ብቅ ካለ ሥራው ገና ነው።

ዛሬ ሲሊንደር፣ ፒስተንና ፋሻ አብረው የታሸጉበት ሙሉ ዕቃ ከህንድም ከቻይናም ይገባል። ሞተሩ በአንድ ቀን ይነሣል፤ ጅማ ቶርኖ ቤት መመላለስ ቀረ። ለባለ ሞተሩ መልካም ነው። ሆኖም ከሥራው ውስጥ መለካት እየወጣ ነው፤ መለካት የማያውቅ እጅ ደግሞ የታሸገው ዕቃ ራሱ ሲሳሳት አይይዘውም። ጥፍሩን በሲሊንደር ግድግዳ ላይ ስቦ የሚፈርድ ሰው ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ብስክሌቶች እንዳይንቀሳቀሱ ስትከለክል የዋና ከተማው ጭንቀት ወንጀል ነበር። በአጋሮ ዙሪያ ሞተር ሌላ ነገር ነው። ከበሻሻ፣ ከጮጬ፣ ከጌራ ሰው ወደ ሐኪም፣ ቡና ወደ ገበያ የሚያደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጎማ ወረዳ ገበሬዎች ዱሮሚና የተባለውን ማኅበር አቋቁመው የእሸት ቡና ማጠቢያ ተከሉ፤ በ2012 ቡናቸው በአፍሪካ ደረጃ በተካሄደ የጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣ። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል፤ በዚህ ሩጫ ውስጥ መፈልፈያውም፣ ፓምፑም፣ አቀበቱን የሚወጣው ሞተርም ጠጋኝ አላቸው። ሽልማቱ ላይ የጠጋኙ ስም አይጻፍም፤ ቡናው ግን ያለ እሱ ጣቢያው አይደርስም።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ኤሌክትሪክ ሞተር ፒስተን የለውም፣ ፋሻ የለውም፣ ቴስታታ የለውም። ለውጡ የጎማ ኮረብቶች ላይ ሲደርስ አሁን ያሉት እጆች የሚያውቁት ነገር ከሞተሩ ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ጅማ፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ ያላችሁ አንባቢዎች ጊዜ ሳታጠፉ አንድ ነገር አድርጉ። ከጣሊያን ዘመን ጋራዥ የወጡ ሰዎች ልጆች፣ የቡና ማሽን ያንቀሳቀሱ አባቶች፣ በጨረታ ያማሃ ገዝተው በረንዳቸው ላይ ያወረዱ መምህራን አሁንም በየሰፈሩ አሉ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ድምፃቸውን ቅዱ፤ የሠሩባቸውን መሣሪያዎች ፎቶ አንሡ፤ አሮጌው የመቀሸሪያ ሞተር ለቁራሌው ከመሸጡ በፊት ከየት እንደ መጣና ማን ሲያነሣው እንደ ኖረ ጻፉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትፈልጉ መጀመሪያ ጋራዡን አንኳኩ።